በጆሮው የሚማረው ልጄ

በዚያን ቀን በምክትል ዳይሬክተሩ ክፍል ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ ምክትል ዳይሬክተሩ ራሳቸው፤ አማርኛ የሚያስተምሩት የልጄ የክፍል ኃላፊ፤ የቀበሌያችን የወጣቶች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ገና ጢሙን በቅጡ ያላበቀለ ልጅ፤ ከሆስፒታል ነጭ ጋውኑን ሳያወልቅ የመጣው ባለቤቴ፤ ከአዲ አርቃይ በኩል ዓይኑን ሊታከም መጥቶ እኛ ዘንድ ያረፈው ታላቅ ወንድሜ፣ እሱ ቄስ ነው፤ እኔ፤ እና ልጄ። ወንበር ለሁላችን አልበቃም። ልጄ ቆመ። እኔም አብሬው ቆምኩ።

የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። የረሳሁትን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ መልሼ ያዝኩት። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው።

ልጄ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ እስከ አራተኛ ክፍል በቃል እየተጠየቀ አልፎ አምስተኛ ክፍልን ለሦስተኛ ጊዜ ይማር ነበር። ቁመቱ ግን አባቱን አልፏል። ለሌላ እናት ደስታ የሚሆነው ለእኔ ጭንቅ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ በከተማችን በጎንደር ትምህርት ቤት የሌለ ወንድ ልጅ ማለት የሚፈለግ ልጅ ማለት ነው። ሕጉ ዐሥራ ስምንት ዓመት ይላል፤ አፋሹ ግን የሚያየው ቁመት ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ከኳስ ሜዳ ታፍሶ በማኪና ወደ አዘዞ ሲወሰድ አንድ እግር ጫማው ሜዳው ላይ ቀርቶ ነበር። እናቱ ያንን ጫማ በነጠላዋ ጠቅልላ የጦር ሰፈሩ በር ላይ ስትውል በዓይኔ አይቻለሁ። ልጄ መሃይም ሆኖ ይቀራል ብዬ ብቻ አልነበረም የፈራሁት። ከትምህርት ቤቱ በር ከወጣ ወዴት እንደሚወስዱት አውቅ ነበር።

መምህሩ የአማርኛውን መጽሐፍ ከፍተው ሰጡት። «በል፣ ወላጆችህ ይስሙ። ከዚህ ጀምር።»

ልጄ መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ ጀመረ። ስለ ንቦች ነበር፣ ሥራ እንዴት እንደሚከፋፈሉ። አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። ማረፍ በሚገባው ላይ ያርፋል፣ ጥያቄው ላይ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። መሐል ላይ አንዴ አሳለና ቀጠለ። የባለቤቴ ፊት ሲፈታ አየሁ። እኔም «ምነው ታዲያ ይህን ልጅ አያነብም ትሉታላችሁ?» ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

መምህሩ አስጨረሱት። ከዚያ፣ «የከፈትኩለት ስለ አፈር መሸርሸር የሚለውን ነው» አሉ። «የንቡን ያነበብኩላቸው ባለፈው ሳምንት ነው። ያውም አንዴ ብቻ። መሐል ላይ ያሳለኝን እንኳ አልተወውም።»

ሊቀ መንበሩ ሳቁ አመለጠው። «ይኼማ ተማሪ ሳይሆን ቴፕ ነው!»

ልጄ አንገቱን ደፋ። መጽሐፉ አሁንም በእጁ ላይ ተከፍቶ ነበር።

ምክትል ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። «እናት፣ እኛ የምንችለውን አድርገናል» አሉኝ። «ሦስቴ የወደቀ ይሰናበታል። የዓመቱ ማብቂያም ደርሷል።»

«በቃል ይጠየቅ፣ ጌታዬ። በቃል ይመልሳል።»

«ፈተናው በጽሑፍ ነው።»

«ለእሱ ብቻ እንኳ ቢሆን?»

«ለእሱ ብቻ የሚባል ነገር የለም፣ እናት። ሁሉም እኩል ነው የሚታየው።»

ሊቀ መንበሩ ልጄን ከእግሩ እስከ ራሱ አየው። «ምን ያስጨንቃችኋል? ይህን ይዞ ሥራ ያጣል? ሸጋ ቁመት ነው። እናት አገር ራሷ ትፈልገዋለች።»

ይህን ሲል በቀልድ ይሁን በምር አልለየሁም። ልጄን በክንዱ ይዤ ወደ ራሴ ሳብኩት።

ልጄ ሰነፍ አልነበረም። ትንሽ ሳለ «ፊደሎቹ አይቆሙልኝም፣ እማ» ይለኝ ነበር። «በ»ን ሳሳየው «በ» ይላል፤ ገጹን ገልጬ ስመለስ ያንኑ «ሰ» ይለዋል። አባቱ ሰነፍ ነው ብሎ ገረፈው። ቀጥሎ ዓይኑ ይሆናል ብሎ ሆስፒታል አስመረመረው። ባለቤቴ እዚያው ድሬሰር ነው፤ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ። ሐኪሙ «የልጅህ ዓይን ካንተም ከእኔም ይሻላል» አለው። ዓይኑ ደህና መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ እንደገና ተገረፈ።

እኔ የማውቀው መስፋት ነው። በአቡጀዲ ላይ ፊደሎቹን በወፍራም ክር ሰፋሁለት። ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ሲዳስሳቸው ያውቃቸው ነበር። «ይኼ በ ነው፣ እግሩ ቀጥ ያለ ነው» ይለኛል፣ እየሳቀ። በዚህ ዓይነት የፊደሉን ግማሽ ያህል ደረስን። አንድ ቀን አቡጀዲውን ይዞ ሄዶ በዴስኩ ሥር እየዳሰሰ ሊጽፍ ሲሞክር ተያዘ። ኮረጀ ተብሎ በጉልበቱ አንበረከኩት። ከዚያ ወዲያ ጨርቁን አልነካውም። መሠረተ ትምህርት ጣቢያም ሞክረን ነበር፤ እዚያ ደግሞ ከአሮጊቶች ጋር ተቀምጦ እነሱ ሲያነቡ እሱ አልቻለም፣ እኔም እንዲህ ሲዋረድ ማየት አልቻልኩም።

የሰማው ግን አይጠፋውም። ካድሬው በቀበሌ ስብሰባ የተናገሩትን ቤት መጥቶ ከነጭብጨባው ሲደግመው አባቱ ሮጦ በር ይዘጋ ነበር። ቅዳሴውን እንዲሁ፣ ዜናውን እንዲሁ፣ የጎረቤት ጠብ እንዲሁ። ይህ ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ እያለ ወረቀት ሲሰጡት ባዶ ይሆናል። ምን ዓይነት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ልጅ እንደሚቀበል የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ አጣሁ።

ከዚያ ክፍል ስንወጣ ወንድሜ ከኋላችን ነበር። አንድ ዓይኑ በጨርቅ ታስሯል፤ የልጄን ክንድ ይዞ ይሄዳል። የቤተ መንግሥቱን አጥር ጨርሰን ቁልቁለቱን ስንይዝ ቆመ።

«ልጁን ስጡኝ» አለ።

«ምን ልታደርገው፣ አያ?»

«ቅኔ ቤት ላስገባው። እኛ ዘንድ፣ ከገደሉ ሥር፣ የኔታ አሉ። ቅኔ በመጽሐፍ አይደለም የሚማሩት። የኔታ ይናገራሉ፣ ተማሪው ይሰማል። ግሱን በቃሉ ያወርዳል። ከዚያ ራሱ አስቦ ቅኔውን ለየኔታ ይነግራል። ደግሞም ማን ያውቀዋል እዚያ? ማን ይፈልገዋል?»

ባለቤቴ ጋውኑን አውልቆ በክንዱ ላይ ጣለው። «አባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ልጄን ለማኝ ላደርገው አልወለድኩትም። ደበሎ ለብሶ በየደጁ ውሻ ሲያባርረው…»

«ዛሬስ ያባረረው ማን ነው?» አለው ወንድሜ። «ውሻ ነው?»

ባለቤቴ ፊቱን አዙሮ ቀድሞን ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላም ስለዚህ ነገር አፉን ዘጋ። እኔ ልብስ ስሰፋ የውጭ በር ኮቴ በተሰማ ቁጥር መርፌው ጣቴ ውስጥ ይገባ ነበር። ልጄን ወደ ውጭ አልልክም፤ ሲሄድ ጎንበስ በል እለዋለሁ፤ ጎንበስ ብሎ መሄድ ለመደ። አንድ ቀን ባለቤቴ ከሆስፒታል ተመልሶ እጁን ሲታጠብ ረጅም ጊዜ ቆየ። ሳሙናውን ደጋግሞ ያሻል።

«ዛሬ ያጠብኩት ቁስለኛ» አለኝ ዞር ሳይል፣ «ጢም የለውም። እናቱን ነው የሚጠራው። ውሰጂው፣ ልጁን ውሰጂው።»

በዚያን ጊዜ ያለ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት አይቻልም ነበር። ወንድሜ ለዚህ መላ ነበረው። የአባታችን የሰባት ዓመት ተዝካር ገና አልወጣም፤ «እውነተኛ ተዝካር እያለ ምን ያስዋሸናል?» አለኝ። ቀበሌ ሄድን። ሊቀ መንበሩ ጸሐፊው አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

«ቴፑን ይዛችሁ ልትጠፉ ነው?» አለን።

«የአባታችን ተዝካር ነው» አለው ወንድሜ። «ጠላ ካማረህ አንተም ና። ገደሉን መውረድ ከቻልክ።»

ጸሐፊው ሳቀ። ሊቀ መንበሩም ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና እኔን አየኝ። «ልጁ ይመለሳል?»

«ምነው አይመለስ፣ እኔ እዚህ እያለሁ!» አልኩት።

ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ የተሰማው ድምፅ አሁንም ትዝ ይለኛል።

ለመንገዱ ልጄን የድሮ ቁምጣውን አለበስኩት፣ ራሱንም ላጨሁት። ትንሽ ልጅ ይመስላል ብዬ ነው። ደባርቅ ከመድረሳችን በፊት ኬላ ላይ አውቶቡሱን አስቁመው ወንዶቹን አስወረዱ። አንድ ወታደር የልጄን ጉልበት አየና ወደ እኔ ዞረ።

«እናቱ አንቺ ነሽ? ይህን ሸንበቆ ቁምጣ አልብሰሽ ልጅ ነው ልትይኝ ነው?»

«ልጅ ነው፣ ወንድሜ። አምስተኛ ክፍል ነው።»

«እኔም አምስተኛ ክፍል ነበርኩ» አለኝ። ወረቀቱን ገልብጦ አየው፤ ከዚያ ልጄን በትከሻው ወደ አውቶቡሱ ገፋ አደረገው። «ግባ ግባ፣ ብርድ ይመታሃል።» ያ ወታደር ማን እንደነበረ አላውቅም። ዛሬም እጸልይለታለሁ።

ሊማሊሞን የወረድነው እህል ጭኖ በሚሄድ የጭነት ማኪና ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነው። ከታች ከመንገዱ ወጥተን በእግር ሄድን። ተዝካሩን አወጣን፤ የኔታም ተጠርተው መጥተው ነበር። ሰው በልቶ ሲያበቃ ወንድሜ ልጄን ወደ እሳቸው አቀረበው፤ ከትምህርት ቤት መባረሩንም ነገራቸው።

የኔታ ትንሽ፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ከሁለት ዓይነ ስውር ተማሪዎች ጋር ነበሩ፤ አንደኛው ጎልማሳ ነው፣ ፊቱ በፈንጣጣ የተበሳሳ፤ ሁለተኛው የልጄ እኩያ። የኔታ ልጄን ምንም ሳይጠይቁ «ከእኔ በኋላ በል» አሉትና ግስ ማውረድ ጀመሩ። «ቀደሰ፣ አመሰገነ። ነበረ፣ ተቀመጠ። ሖረ፣ ሄደ።» እያሉ ቀጠሉ። ግእዙን ያስቀድማሉ፣ አማርኛውን ያስከትላሉ፤ ረጅም ነበር፣ እኔ ከመጀመሪያዎቹ በቀር አልያዝኩም። ሲያቆሙ ልጄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መለሰላቸው። ተዝካሩን የበሉት ሰዎች ወሬያቸውን አቁመው ዞሩ።

«ይህን ልጅ ምን ጎድሎት ነው ያባረሩት?» አሉ የኔታ።

«ፊደል አይለይም፣ የኔታ» አልኩ። አፍሬ ነበር።

«እነዚህ ሁለቱ ይለያሉ?»

ጎልማሳው ዓይነ ስውር ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። «እትዬ፣ እኔና ፊደል ሳንተያይ ነው የተጣላነው» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጄም ሳቀ። ትምህርት በተባለ ነገር ላይ ሲስቅ ካየሁት ብዙ ዘመን ሆኖኝ ነበር።

የኔታ ወዲያው ሥራቸውን ከፋፈሉላቸው። ዓይነ ስውሮቹ ግሱን ልጄን እያስደገሙ ያስቀጽሉታል፤ እሱ ደግሞ ቀን ቀን እየመራ «በእንተ ስማ ለማርያም» ወደሚሉበት መንደር ይወስዳቸዋል፤ ያገኙትን ቁራሽ አብረው ይበላሉ። «እኛ ዓይን አጥተን ነበር፤ አንተ ጆሮ ይዘህ መጣህ፣ ዓይንም ጨምረህ» አለው ያ ጎልማሳ። ጎጆ ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ነው። ጎንበስ ብለው የሚገቡባት፣ ውስጧ ሣር የተጎዘጎዘ። ልጄ ሲገባ ራሱን መታ። ባለቤቴ ይህን ቢያይ ብዬ አሰብኩ፤ ነገር ግን ሰላም አገኘሁ። አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው፣ ልጄን በሚችለው ሊያስተምረው ነው።

የቅኔ ተማሪ የቤት ስሙን ትቶ ነው የሚገባው። በክርስትና ስሙና በአገሩ ስም ይጠራል። አባትህ ማነው፣ እናትህ ማነች ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ቢጠይቁትም ብዙው አይናገርም፣ ዘመድ መጥቶ እንዳይወስደው። ይህ ልማድ ለእኔ ከሰማይ የወረደ ሆኖ ታየኝ። ከቅጥሩ ውጭ አንድ የወይራ ዛፍ ሥር አስቀምጬ መከርኩት።

«ስማኝ። የማን ልጅ ነህ ቢሉህ አትናገር። ከጎንደር ከተማ ነኝ አትበል፣ የአጎትህን አገር ጥራ። አባትህን፣ ሠፈርህን፣ የቤት ስምህን ለማንም አትንገር። ቄስ ቢሆን፣ ጓደኛህ ቢሆን፣ የምታምነው ሰው እንኳ ቢሆን። ገባህ?»

«ገባኝ፣ እማ።»

«ድገምልኝ።»

ደገመልኝ። አንድ ቃል አልጎደለም። ድምፁ እንኳ የእኔ ነበር፣ ከነመንቀጥቀጡ። ግንባሩን ስሜው ወጣሁ።

ቀበሌው ሲጠይቀኝ ከአጎቱ ዘንድ ታሞ ቀረ አልኩ። ወንድሜ ወደ ጎንደር የሚመጣ የታመነ ሰው ሲያገኝ የልጄን መልእክት በቃል አስጠንቶ ይልክልኝ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ዲያቆን መጥቶ ደጃፋችን ላይ ቆሞ፣ እጁን አጣምሮ፣ እንደ ትምህርት ተናገረው፦ «እማ፣ ደህና ነኝ። ውሻ ነክሶኝ ነበር፣ ድኗል። ጋቢው ሞቆኛል። ጉባኤ ቃና፣ የመጀመሪያው ዓይነት ቅኔ፣ ሞላልኝ። የኔታ ‹ይበል› አሉኝ። ለአባዬ ንገሪው።»

ባለቤቴ ራት ሊበላ እጁን ታጥቦ ነበር። «‹ይበል› ማለት ምንድን ነው?» አለው ዲያቆኑን።

«ቅኔው ሲያምር ነው የሚባለው። በጣም ሲያምር።»

«ለእሱ ነው ያሉት? ለእኛ ልጅ?»

«ለእሱ ነው።»

ባለቤቴ ዲያቆኑን አስገብቶ የራሱን ቦታ ለቀቀለት። ሲበላ ቆሞ አስተናገደው። ቅዱስ ሰው ቤቱ እንደገባ ነበር የሆነው።

እንዲህ ያለው መልእክት ሦስት ይሁን አራት ጊዜ መጣ። ከዚያ በሰሜን በኩል ጦርነቱ በረታ። ሊማሊሞ ተዘጋ ይባላል፤ ተከፈተ ይባላል፤ እንደገና ተዘጋ። ከታች የሚመጣ ሰው ጠፋ። ከከተማችን ደቡብ፣ ከፀዳ በሚመጣው መንገድ ወታደር የጫኑ ማኪናዎች ቀን ከሌት ወደ ላይ ያልፋሉ፤ ቁስለኛ ጭነው ይመለሳሉ። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ምንም ሳልጠይቀው «የለም» ይለኛል። ከዚያ አካባቢ የመጣ ቁስለኛ ሁሉ እጁ ላይ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቅኔ ቤቱ ነበር፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፋሻ እያሰረ። አብዛኞቹ ቅኔ ቤት መኖሩንም አያውቁም።

በዚህ መሐል የወንድሜ መርዶ መጣ። በተስቦ ነው የሞተው አሉኝ፤ ከሞተም ቆይቷል። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሳለቅስ ለቀስተኛው የማለቅሰው ለወንድሜ ብቻ መስሎታል። እኔ ጎንደር ውስጥ የት እንዳለሁ የሚያውቅ፣ ልጄን ወደ እኔ የሚመልስ ሰው በዚያ አገር ከእሱ ሌላ አልነበረም።

መንገዱ ትንሽ ሲከፈት ለወንድሜ ለቅሶ ብዬ ይለፍ አወጣሁና ወረድኩ። አብሮኝ የሄደ የለም፤ ባለቤቴን ሆስፒታሉ አልለቀቀውም። የወንድሜን ሚስት አለቀስኩላት፤ እሷ በተኩሱ ጊዜ ወደ ወላጆቿ አገር ሸሽታ ስለነበር ስለ ልጄ አታውቅም፤ ወዲያው ወደ ቅኔ ቤቱ ሄድኩ። ጎጆዎቹ ጣራቸው የለም። ሣሩን ከብት በልቶታል፣ አንዳንዱ ተቃጥሏል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ አንዲት መነኩሲት ብቻ አገኘሁ።

«እማሆይ፣ ተማሪዎቹ የት ሄዱ?»

«ተበተኑ እንጂ። ወዲህም ወዲያም ተኩስ ሆነ። የኔታም ወጡ። የሄዱበትን አላውቅም።»

የልጄን የክርስትና ስም ነገርኳት። «በዚያ ስም ስንቱ ነበረ» አለችኝ። መልኩን ነገርኳት። ቁመቱን ስነግራት ቀና አለች።

«ዕውሮቹን የሚመራው?»

«አዎ! እሱ! እሱ ነው!»

«ወየው፣ አንቺ ነሽ እናቱ?» አለችና ክንዴን ያዘችኝ። «ያ ልጅ ብዙ አስጨነቀን። ተማሪው ሲበተን የኔታ ሁሉንም ወደየዘመዱ ሊልኩ፣ አንድ በአንድ ጠየቁ። እሱን እናት አባትህ የት ናቸው፣ ወዴት ልላክህ ቢሉት እንቢ አለ። ‹አጎቴ ሞቷል› ይላል፣ ሌላ አይናገርም። እኔም ለመንኩት። ‹ልጄ፣ እኔ ማንም አይደለሁም፣ ንገረኝ› አልኩት። ‹የምታምነው ሰው እንኳ ቢሆን አትናገር ብላኛለች› አለኝ። አለቀሰም። ግን አልተናገረም።»

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

«ታዲያ ወዴት ሄደ?»

«ከዕውሮቹ ጋር ነዋ። ጥሎአቸው ወዴት ይሄዳል? ጎልማሳው ጎጃም ትልቅ ቅኔ ቤት አለ ይል ነበር። አንዳንዱ ደግሞ ተከዜን ተሻገሩ ይላል። በዚያው ሰሞን ወታደርም መንገድ ላይ ወጣት ይሰበስብ ነበር፤ ማን እንደነበረ አላውቅም፣ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አላውቅም። እግዚአብሔር ያውቃል።»

በአካባቢው መንደር ለመንደር ዞርኩ። ዕውሮችን የሚመራውን ረጅም ተማሪ ብዙ ሰው ያውቀዋል። አንዷ ሴት ቁራሽ ስትሰጠው ቅኔ ነግሯት እንደነበር አወራችልኝ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም፤ ድምፁ ግን ደስ ይል ነበር አለችኝ። በየትኛው መንገድ እንደወጣ የሚያውቅ ግን አልተገኘም። የይለፌ ቀን ሲያልቅ ተመለስኩ። ጎንደር ገብቼ ለባለቤቴ ስነግረው ሽንኩርት ሲልጥ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀምጦ «ያልተናገረው እኛን ሊያድን ነው» አለ።  

በግልጽ ልጠይቅም አልቻልኩም። ልጄ ጠፋ ብዬ ብጮህ ቀበሌው የት ልከሽው ነበር ይለኛል። ስለዚህ የበዓል ቀን በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት እየዞርኩ ከወንዶቹ በር ትይዩ ቆሜ ድምፅ እሰማ ነበር። ቅኔ ሲቀርብ ሴቶቹ ዝቅ ብለው ሲያወሩ እኔ ዝም በሉ እላለሁ። «አንቺ ቅኔ ይገባሻል ደግሞ?» ይሉኝ ነበር። አይገባኝም። የምፈልገው ድምፁን ነው።

ሊቀ መንበሩ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ቴፑስ?» ማለቱን አልተወም ነበር። ኋላ እሱም ዘመተ። አልተመለሰም። ለቅሶው ላይ ከእናቱ ጋር ተቀመጥኩ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው ድምፄን አውጥቼ መጠየቅ የቻልኩት። በጎጃምም፣ በበጌምድርም፣ በላስታም በኩል የሚያልፍ የቆሎ ተማሪ ባገኘሁ ቁጥር ቤቴ አስገብቼ፣ አብልቼ፣ አንድ ቃል አስጠናዋለሁ፦ ልጄን ካገኘኸው «እናትህ አሁን ተናገር ብላሃለች» በለው። ከመካከላቸው ይዞልኝ የሄደ ብዙ ነው። መልስ ያመጣ የለም። ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ጠየቀ። ታሞ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ሩቅ መንገድ አይሆንለትም። ለዚህ ነው እኔ ይህን የጻፍኩት፤ የእኔ እግርም እየደከመ ነው።

ልጄ በሕይወት ካለ ዛሬ ጎልማሳ ነው። ስሙን ትቶታልና በመልኩ ልንገራችሁ፦ ረጅም፣ ጠይም፣ በግራ እጁ የሚበላ፣ በግራ ክንዱ ላይ በካውያ የተቃጠለበት ምልክት ያለው። ቅኔ መምህር ሆኖ ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል። ከሁለት ዓይነ ስውራን ጋር ነበር፤ አንደኛው ፊቱ በፈንጣጣ የተበሳሳ ነው። እነሱን ያገኘም ሰው ስለ እሱ ይጠይቅልኝ። አብረውት የተማራችሁ፣ ቁራሽ የሰጣችሁት፣ በመንገድ ያያችሁት፣ ወይም የተቀበረበትን የምታውቁ ካላችሁ፣ ክፉም ቢሆን ደግም ቢሆን ንገሩኝ።